ክርክር፦ የሮቤርቶ ክሌሜንቴ 21 ቁጥር ከሁሉም ማሊያ ላይ ይነሳ?

በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ 30 ክለቦች አሉ። በ30ዎቹም ማንም ተጫዋች የማይለብሰው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ 42። የጃኪ ሮቢንሰን ቁጥር ነው። ሮቢንሰን በ1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ፣ ጥቁሮችን ለ60 ዓመት ገደማ ከሊጉ ያገደውን አጥር አፈረሰ። በ50ኛ ዓመቱ፣ በ1997፣ ሊጉ ቁጥሩን በክብር ሰቀለለት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ሰዎች ታዲያ «21ስ?» እያሉ ይጠይቃሉ። 21 የፖርቶ ሪኮው ልጅ የሮቤርቶ ክሌሜንቴ ቁጥር ነበር። ክሌሜንቴ ለፒትስበርግ ፓይሬትስ 18 የውድድር ዘመን ተጫወተ። በዲሴምበር 31 ቀን 1972 በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች ርዳታ ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ወደቀ። 38 ዓመቱ ነበር። ፓይሬትስ ቁጥሩን ወዲያው ሰቅሎለታል። ክርክሩ ሌሎቹ 29 ክለቦችም ይስቀሉት ወይስ አይስቀሉት የሚል ነው።

ደጋፊዋ ሜሪላንድ ያደገች፣ በትምህርት ቤቷ ሶፍትቦል የተጫወተች ወጣት ናት። ተቃዋሚው ለትምህርት ፒትስበርግ ሄደው እዚያው የቀሩ፣ የፓይሬትስን ጨዋታ ሲከታተሉ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው።

ደጋፊ፦

ጋሼ፣ ከአንዲት ደቂቃ ልጀምር። ኦክቶበር 17 ቀን 1971፣ ባልቲሞር። ፓይሬትስ በሰባተኛውና በመጨረሻው ጨዋታ ባልቲሞር ኦሪዮልስን 2 ለ 1 አሸንፎ የሊጉን የፍጻሜ ውድድር፣ የወርልድ ሲሪስን፣ ዋንጫ ወስዷል። ክሌሜንቴ በሰባቱም ጨዋታዎች ምት አግኝቷል፤ ኳሷን በዱላ መትቶ ወደ ማረፊያው በሰላም ደርሷል ማለት ነው። በዚያ ቀን ደግሞ ኳሷን ከአጥሩ ውጭ ልኳታል። የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች እሱ ነው። መልበሻ ክፍሉ በጩኸት ደምቋል። ካሜራው መጣ፣ ማይክራፎኑ ተዘረጋለት፣ አሜሪካ በሙሉ እያየው ነው። እሱ ግን በእንግሊዝኛ ከመመለሱ በፊት ፈቃድ ጠየቀ። ፖርቶ ሪኮ ላሉት እናትና አባቱ በስፓኒሽ የሚለው ነገር ነበረው። በሕይወቴ ትልቁ በሆነው በዚህ ቀን ልጆቼን እመርቃለሁ፣ ወላጆቼም ይመርቁኝ አለ።

ምርቃት ነው የጠየቀው። የ37 ዓመት ሰው፣ በዓለም ፊት፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል! እኛ ቤት እኮ ፈተና ሲታለፍም ሥራ ሲገኝም መጀመሪያ የሚደረገው ጉልበት መሳም ነው። ይህን ቪዲዮ ለአባቴ ሳሳየው «ይሄ ልጅ ያደገ ልጅ ነው» አለኝ። ቤዝቦል ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አያውቅም።

ከዚያ በፊት ግን ምን ነበር? ክሌሜንቴ ሲናገር አንዳንድ ጋዜጠኞች እንግሊዝኛውን አነጋገሩ እንደሚሰማቸው እያጣመሙ ይጽፉ ነበር። አንባቢው እንዲስቅበት ነው። የተጫዋቾች ፎቶ ካርድ ላይ ለዓመታት «ቦብ ክሌሜንቴ» ተብሎ ታተመ። እሱ «ስሜ ሮቤርቶ ነው» እያለ ሲነግራቸው ነው ይህ ሁሉ። ጀርባዬን ያመኛል ሲል «ሰበበኛ ነው» አሉት። እውነቱ ግን በ1954 መጨረሻ ሊሞት የተቃረበ ወንድሙን ጠይቆ ሲመለስ ሰካራም ሾፌር መኪናውን ገጭቶበት ነበር፤ ጀርባው ከዚያ በኋላ ሰላም አላገኘም። በዚያ ጀርባ አራት ጊዜ በምት አማካይ የናሽናል ሊግ፣ ማለትም ከትልቁ ሊግ ሁለት ክፍሎች የአንዱ፣ አንደኛ ሆነ። ከ1961 እስከ 1972 በተከታታይ 12 የወርቅ ጓንት ወሰደ። የወርቅ ጓንት በየቦታው ምርጥ ለሆነው ተከላካይ የሚሰጥ ሽልማት ነው። በ1966 የናሽናል ሊግ ኮከብ ተባለ።

ጥቁር ነበር፤ ስለዚህ የጥቁር ዕዳ ነበረበት። ስፓኒሽ ተናጋሪ ነበር፤ ስለዚህ የባዕድም ዕዳ ነበረበት። ዛሬ በሊጉ ካሉት አራት ተጫዋቾች ከአንድ በላይ የሚሆነው የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያለው ነው። እነዚህ ልጆች ዛሬ በአስተርጓሚ መልስ ሲሰጡ የሚስቅባቸው የለም። ይህን መንገድ በጫማው የጠረገላቸው ሰው ቁጥሩ ከ42 አጠገብ ቢቀመጥ ምኑ ይበዛበታል?

ተቃዋሚ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እወቂልኝ። ክሌሜንቴን ከእኔ በላይ የሚወደው የለም ብዬ ለብዙ ሰው የተከራከርኩ ሰው ነኝ። እኔ ያለሁበት ከተማ ስታዲየሙ በር ላይ ሐውልቱ አለ። ከመሃል ከተማ ወደ ስታዲየሙ የሚያሻግረው ቢጫ ድልድይ የሱ ስም ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን ድልድዩ ለመኪና ይዘጋና ሕዝቡ በእግሩ ይሻገራል። የቀኝ ሜዳው ግድግዳ ቁመቱ 21 ጫማ ነው፤ ይህም ሆን ተብሎ ነው። እሱ የሚጫወትበት ቦታ ቀኝ ሜዳ ስለነበር። ስለዚህ ክብር ጎደለበት ብለሽ አትምጪብኝ።

የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። 42 ለጎበዝ ተጫዋች የተሰጠ ሽልማት አይደለም። ለደግ ሰውም የተሰጠ አይደለም። ሮቢንሰን ጎበዝም ደግም ነበር፤ ግን በዚህ ቢሆን ኖሮ ስንት ቁጥር ይሰቀል ነበር? 42 አንድን ቀን ነው የሚያስታውሰው። ኤፕሪል 15 ቀን 1947። ከዚያ ቀን በፊት አገሪቱ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበራት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ቀን ሁለት አይሆንም።

ክሌሜንቴ ራሱ እኮ በዚያ በር ነው የገባው። መንገዱን ተከተዪው። በ1954 ያስፈረመው ብሩክሊን ዶጀርስ ነው፤ የሮቢንሰን ክለብ። ልምምድ ይሁነው ብለው የላኩት ሞንትሪያል ነው፤ ሮቢንሰን በ1946 የተጫወተበት ቡድን። እዚያ ሆኖ አይቶት ለፓይሬትስ ይወሰድ ያለው ክላይድ ሱክፎርዝ ነው፤ ለዶጀርስ ሮቢንሰንን ሄዶ ያየው ያው ሰው። በዚያን ጊዜ ፓይሬትስን የሚመራው ደግሞ ብራንች ሪኪ ነው፤ ሮቢንሰንን ያስፈረመው ያው ሰው። ክሌሜንቴን በ4,000 ዶላር ወሰዱት። አየሽ? ከእግር እስከ ራሱ የ42 ልጅ ነው።

የሮቢንሰን ልጅ ሻሮንም በ2006 ይህንኑ ተናግራለች። የአባቷ ሥራ ለጥቁሮች ብቻ ሳይሆን ለላቲኖችም ቤዝቦልን እንደለወጠ፣ ለየወገኑ አንድ አንድ ቁጥር መስቀል ከተጀመረ የመጀመሪያው ትርጉም እንደሚሳሳ። ከሌላ ቢመጣ ቅናት ልትዪው ትችያለሽ። ከልጅ ሲመጣ ግን መስማት ነው።

ደግሞ 42ን በሊጉ በመጨረሻ የለበሰው ማን ነው? የፓናማው ማሪያኖ ሪቬራ ነው፤ ቁጥሩ ሲሰቀል ለብሶት ስለነበር ተፈቅዶለት እስከ 2013። ላቲኖ ነው። ቁጥሩ ለማንም በሩን አልዘጋም።

እና «ለላቲኖች የመጀመሪያው» ካልሽ ሚኒ ሚኞሶን ምን ታደርጊዋለሽ? ጥቁር ኩባዊ። ከክሌሜንቴ ስድስት ዓመት ቀድሞ በ1949 ሊጉን የተቀላቀለ። ኦርላንዶ ሴፔዳ፣ እሱም የፖርቶ ሪኮ ልጅ፣ የላቲኖች ጃኪ ሮቢንሰን ሚኞሶ ነው ብሏል። ሚኞሶ የቤዝቦል ታላላቆች የሚከበሩበት የዝና አዳራሽ የገባው ከሞተ በኋላ ነው። ጥቁሩ ተጫዋች ሀንክ አሮንስ? የነጩን የቤብ ሩትን የሆም ራን፣ ማለትም ኳስን ከአጥር ውጭ የመምታት፣ ሪከርድ ሊሰብር ሲቃረብ የግድያ ዛቻ ደብዳቤ በከረጢት ይመጣለት ነበር። የሱ 44 ለምን ይቀራል? አንዱን ካነሳሽ የት ላይ ታቆሚያለሽ?

የእኛን ሰው ላንሳልሽ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ሲሮጥ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ነበር። በቶኪዮ 17። ያን 11 ማን ሰቀለለት? ማንም። ማን ረሳው? ማንም። ሕዝብ የያዘው ባዶ እግሩን ነው።

ደጋፊ፦

ጋሼ፣ የአበበ ነገር ልቤን ነካኝ፤ ግን አይገጥምም። የማራቶን ቁጥር ለአንድ ቀን ተሰፍቶ የሚጣል ጨርቅ ነው። አዘጋጁ ይሰጥሃል፣ ትመልሳለህ። የቤዝቦል ቁጥር ግን ከሰውየው ጋር የሚኖር ሁለተኛ ስሙ ነው። የክሌሜንቴ ደግሞ ከዚህም በላይ ነው፤ ቃል በቃል ስሙ ነው።

ሲጀምር 13 ነበር የለበሰው። በኋላ ሙሉ ስሙን በላቲን ፊደል ጽፎ ቆጠረ። ሮቤርቶ፣ ሰባት ፊደል። ክሌሜንቴ፣ ስምንት። ዎከር፣ ስድስት። 21 ሆነ። 21 የተወለደው እንዲህ ነው። ሌሎቹ «ቦብ» እያሉ ሲቆርጡት እሱ ሙሉ ስሙን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ሜዳ ገባ። ማንም ሊያሳጥረው በማይችለው መንገድ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የስም ነገር የእኔም ነገር ነው። በፖርቶ ሪኮ ከራስ ስም ቀጥሎ የአባት ቤተሰብ ስም ይመጣል፣ ከዚያ የእናት። ክሌሜንቴ የአባቱ ነው፣ ዎከር የእናቱ። በ1973 የዝና አዳራሹ ውስጥ በነሐስ ሲቀርጹት ምን ብለው ጻፉት? «ሮቤርቶ ዎከር ክሌሜንቴ»። የእናቱን ስም መሃል አስገብተው እንደ አሜሪካ ሰው አደረጉት። የተስተካከለው በ2000 ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው እየመጣ፣ ፎቶ እያነሳ፣ የተሳሳተ ስም እያነበበ ሄደ።

እኛ ይህን እናውቀዋለን። እዚህ አገር ስንመጣ የአባታችንን ወይ የአያታችንን ስም «የቤተሰብ ስም» አድርገው ይይዙታል። እኔን አንደኛ ደረጃ ስማር አስተማሪዬ ዓመቱን ሙሉ በአያቴ ስም ትጠራኝ ነበር። እናቴ ሄዳ አስረዳች። ለአንድ ሳምንት ተስተካከለ፣ ከዚያ ተመለሰ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን አቤት ባልኩ ቁጥር እኔ እንዳልሆንኩ ይሰማኝ ነበር።

ስለዚህ እርስዎ የትኛው ወገን የራሱን ቁጥር ይውሰድ ብለው ሲያስቡ፣ እኔ የማስበው ስለ ዕዳ ነው። ይህ ሊግ፣ ካርዱ፣ ጋዜጣው፣ አዳራሹ፣ የዚህን ሰው ስም አንድ በአንድ አበላሽተውበታል። እሱ ስሙን ያስቀመጠበት አንድ ቦታ ነበር። እሱን ቦታ ይጠብቁለት። ሚኞሶን እቀበላለሁ፤ ቀድሟል። አሮንን አከብራለሁ። የማንንም ታላቅነት ከማንም ጋር እየመዘንኩ አይደለም።

ተቃዋሚ፦

ይሄ ጥሩ ነው። የ21ን ትርጉም ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ አድርጎ ያቀረበልኝ ግን አልነበረም። አልዋሽሽም፣ ነክቶኛል።

ግን ከዚያው ከስም እንነሳ። በእኛ ዘንድ ስም የሚኖረው በመጠራት ነው። አያት ሲሞት ስሙ ለልጅ ይሰጣል፤ ከማንም አፍ እንዲጠፋ አይደረግም። ካርሎስ ዴልጋዶ፣ የፖርቶ ሪኮ ልጅ፣ በ2006 ኒው ዮርክ ሜትስ ሲገባ 21ን ለበሰ። ለምን? ለክሌሜንቴ ብሎ። ሳሚ ሶሳ፣ የዶሚኒካን ልጅ፣ በ1998 ያን 66 ሆም ራን ሲመታ ጀርባው ላይ 21 ነበር። ለክሌሜንቴ ብሎ። አንድ ሕፃን ቴሌቪዥን ላይ አይቶ «አባዬ፣ ለምን 21 መረጠ?» ብሎ ይጠይቃል። አባትየው ይተርካል። ቁጥሩ ከሁሉም ማሊያ ላይ ሲነሳ ይህ ጥያቄ አብሮ ይነሳል።

42 ምን እንደሆነ እይው። በየዓመቱ ኤፕሪል 15 ሁሉም ተጫዋች 42 ለብሶ ይወጣል። ያምራል፤ እኔም ሳየው ደስ ይለኛል። ግን ሮቢንሰን ኦክቶበር 1972 ላይ፣ ከመሞቱ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ በወርልድ ሲሪስ ሜዳ ቆሞ ምን አለ? ጥቁር አሠልጣኝ ቡድን ሲመራ ካየሁ የበለጠ እኮራለሁ አለ። ያ ንግግሩ በዚያ ቀን ምን ያህል ይነሳል? ፈገግ ያለው ሮቢንሰን ነው የቀረው። የተቆጣው የለም። ክሌሜንቴም የሚቆጣ ሰው ነበር። ግድግዳ ላይ ሲወጣ ቁጣው እንዳይወልቅበት ፈራሁ።

ደጋፊ፦

ቁጣውን ካነሱት እኔም ልጨምር። ፓይሬትስ በፀደይ ልምምድ ፎርት ማየርስ፣ ፍሎሪዳ ይሄድ ነበር። ነጮቹ ሆቴል ያድራሉ። ጥቁሮቹ ጥቁር ሰፈር በሰው ቤት። ሲጓዙ አውቶቡሱ ምግብ ቤት በር ላይ ይቆማል፤ ነጮቹ ወርደው ይበላሉ፣ ጥቁሮቹ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ክሌሜንቴ አልቀበልም አለ። የራሳችን መኪና ይሰጠን ብሎ ክለቡን ተጋፍጦ አስደረገ።

በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ። ሊጉ ውድድሩን ሊጀምር ነው። ፓይሬትስ ቀብሩ ሳይፈጸም፣ ኤፕሪል 8፣ ሂውስተን ላይ መጫወት ነበረበት። ክሌሜንቴና ጓደኞቹ፣ ጥቁሮቹ ብቻ 11 ነበሩ፣ አንጫወትም አሉ። ጨዋታው ከቀብሩ ማግስት ወደ ኤፕሪል 10 ተገፋ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1971 ደግሞ ፓይሬትስ ዘጠኙም ተሰላፊዎች ጥቁርና ላቲኖ የሆኑበትን ቡድን ሜዳ አስገባ። በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ቀኝ ሜዳ ላይ 21 ቁጥር ነበር።

ጋሼ፣ ሮቢንሰን በሩን ሰበረ ብለዋል፤ እውነት ነው። ከበሩ ወዲህ ግን ቤት አለ። ቤቱ ውስጥ የት ነው የምንቀመጠው፣ በምን ቋንቋ ነው የምናወራው፣ ማን ብለው ነው የሚጠሩን? ይህ ሁሉ ከ1947 በኋላ ነው የተጠየቀው። የጠየቀው ሰውም አለ።

ተቃዋሚ፦

ጥሩ ተናገርሽ። እኔ ግን የምፈልገው ቤቱ እንዲታደስ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ ልንገርሽ፤ ለዚህ ግን ወደ መጨረሻዎቹ ቀናት መሄድ አለብኝ።

በ1972 መጸው ክሌሜንቴ የፖርቶ ሪኮን አማተር ቡድን ይዞ ኒካራጓ ነበር፤ ማናጓ። ሆስፒታል ሄዶ እግሩን ያጣ ልጅ አገኘ። ሰው ሠራሽ እግር እንዲያገኝ ቃል ገባለት። ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዲሴምበር 23 ማናጓ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ክሌሜንቴ ገና በዓሉን ትቶ ሳን ሁዋን ያለው ሂራም ቢቶርን ስታዲየም በር ላይ ቆሞ ልብስ፣ ምግብ፣ መድኃኒት ይሰበስብ ጀመር። ስሙን ለኮሚቴ ያዋሰ ሰው አልነበረም፤ ካርቶን ይሸከም ነበር።

ርዳታው ሄደ። ከዚያ ግን የኒካራጓው ገዥ የሶሞዛ ወታደሮች እየነጠቁት ለተጎዱት አይደርስም የሚል ወሬ መጣ። ክሌሜንቴ እኔ ካለሁ አይነኩትም አለ። ያገኘው አውሮፕላን አሮጌ ዲሲ 7 ነበር፤ በዚያው ወር አንድ ጊዜ አደጋ የደረሰበት። ጭነቱ ከልክ በላይ ነበር። በዲሴምበር 31 ማታ ተነሳ። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ በዚያች የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት ሰው ከቤተሰቡ አይለይም። ብዙም ሳይርቅ ባሕር ላይ ወደቀ። አምስት ሰው ነበር የተሳፈረው፤ አንድም አልተረፈ። የክሌሜንቴ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጓደኛው ማኒ ሳንጊዬን፣ የፓይሬትስ ተጫዋች፣ ቡድኑ ለመታሰቢያ ጸሎት ሲሰበሰብ እሱ አልሄደም። ባሕሩ ውስጥ እየጠለቀ ጓደኛውን ይፈልግ ነበር።

ይህን ስናገር ድምፄ ይቆራረጣል፤ ይቅርታ።

ሴፕቴምበር 30 ቀን 1972፣ በቋሚው የውድድር ዘመን ለመጨረሻ ጊዜ ዱላ ይዞ በቆመበት ቀን፣ 3,000ኛውን ምት መትቶ ነበር። ልክ 3,000 ላይ ቆመ። ከላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው ነው። ሰዎች ይህን ቁጥር ያስታውሳሉ። እሱ ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሲያወራ የነበረው ስለ ምት አልነበረም። በትውልድ ቦታው በካሮሊና ለደሃ ልጆች የስፖርት ከተማ መሥራት ነበር ሕልሙ። ኳስ ብቻ ሳይሆን አመልም የሚማሩበት። ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ቬራ ያዘችው። የፖርቶ ሪኮ መንግሥት 304 ኤከር መሬት ሰጠ። ሩቤን ሲየራን የመሰሉ ተጫዋቾች ከዚያ ወጡ። ከዚያስ? ለዓመታት እድሳት አጥቶ ተጎሳቆለ፤ ሜዳው ላይ ሣር በቀለ። ቬራ በ2019 አረፈች።

እህቴ፣ ቁጥር መስቀል አንድ ሳንቲም አያስወጣም። የአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት ነው፣ ይጨበጨባል፣ ያልቃል። ሊጉ ዕዳ አለበት ብለሻል። እሺ፣ አለበት። ታዲያ ዕዳውን በማሊያ ላይ ባለ ጨርቅ ሳይሆን በሜዳው ይክፈል። ክሌሜንቴ ሰውን የመርዳት ዕድል እያለህ ካልተጠቀምክ በምድር ላይ ጊዜህን እያባከንክ ነው የሚል ሰው ነበር። ይህን ያለ ሰው ቁጥሬን ስቀሉልኝ የሚል አይመስለኝም።

ደጋፊ፦

እሱ አይልም። እኛ ነን የምንልለት። እሱ ራሱ ቢጠይቅ ኖሮ እኔም አልደግፈውም ነበር።

ስለ ሜዳው ግን እውነትዎን ነው። ከዚህ ክርክር በፊት ስለ ስፖርት ከተማው ይህን ያህል አላሰብኩም። የሚረብሸኝ ነገር «ወይ ይሄ ወይ ያ» መባሉ ነው። ሊጉ በዓመት ቢሊዮኖች ያስገባል። ሜዳውን አድሶ ቁጥሩን መስቀል ምን ይከብደዋል? እንዲያውም ቁጥሩ ከተሰቀለ በየዓመቱ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል፤ «21ን ሰቅላችኋል፣ ካሮሊናስ?» የሚል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ተጫዋቾቹ። በ2020 የፓይሬትስ ተጫዋቾች በሙሉ፣ ሊጉ በየዓመቱ በሚያከብረው በክሌሜንቴ ቀን፣ 21 ለብሰው ወጡ። ከሌሎች ክለቦችም የፖርቶ ሪኮ ልጆች ተፈቅዶላቸው ለበሱ። ከ2022 ጀምሮ በዚያ ቀን የፈለገ ሁሉ መልበስ ይችላል። በሌላው ቀን ግን ብዙ የፖርቶ ሪኮ ተጫዋቾች 21ን አይነኩትም። ማንም አልከለከላቸውም፤ እነሱ ናቸው የተዉት። የሱ ወገኖች በልባቸው ሰቅለውታል። ሊጉ የሚጠየቀው እነሱን እንዲከተል ነው።

ተቃዋሚ፦

እኔ ደግሞ እዚያ ላይ ነው የምቆመው። በልባቸው ሰቅለውታል ብለሻል። ያ ነው የሚበልጠው። ማንም ሳያዝህ በፍቅር የተውከው ቁጥርና የሊጉ የበላይ ኃላፊ፣ ኮሚሽነሩ፣ ደብዳቤ ጽፎ የወሰደብህ ቁጥር አንድ አይደሉም። ትእዛዝ ሲመጣ ልጁ ምርጫውን ያጣል። ዴልጋዶ መልበሱም ክብር ነው፣ ሌላው መተዉም ክብር ነው። ሁለቱም ስለ ክሌሜንቴ ያስባሉ።

ይህን ግን እሰጥሻለሁ። ከሮቢንሰን ቀጥሎ የሚሰቀል አንድ ቁጥር ብቻ ይኑር ቢባል፣ 21 ነው። ሁለተኛ የለውም። ሊጉ ከፖርቶ ሪኮ ጋር ቁጭ ብሎ ያን የስፖርት ከተማ አቁሞ፣ ልጆች ሲጫወቱበት አይቼ፣ ከዚያ «አሁን ቁጥሩን እንስቀል» ቢል አልቃወምም። ከሜዳው በፊት ከሆነ ግን እጄን አላወጣም።

ደጋፊ፦

እኔ ደግሞ አሁኑኑ እጄን አወጣለሁ። ሜዳው እስኪታደስ ከጠበቅን የሱን ጨዋታ በዓይናቸው ያዩት ሁሉ ሊያልፉ ነው። ከኋላ እኔን የመሰለ፣ በቪዲዮ ብቻ የሚያውቀው ነው የሚቀረው።

ሴፕቴምበር 15 የክሌሜንቴ ቀን ነው። ቡድኑ በከተማው የሚጫወት ከሆነ ከሜሪላንድ በመኪና እመጣለሁ፤ አባቴንም ይዤ። በቢጫው ድልድይ በእግር እንሻገራለን። ከቀኝ ሜዳው ግድግዳ አጠገብ ሦስት ወንበር ይያዙልን፣ ጋሼ።